ከኬሞ በኋላ ጉልበት ሲከዳ፣ እንቅልፍም እምቢ ሲል፦ ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

እናቴ ካንሰር ይዟት ሁለተኛውን ኬሞ፣ ማለትም የካንሰሩን መድኃኒት፣ ከወሰደች በኋላ ቡና መቁላት አቃታት። ረከቦቱ ፊት ተቀምጣ ምጣዱን ታየዋለች፤ እጇ አይነሳም። «ጉልበቴን ማን ወሰደው?» አለችን አንድ ቀን። እኛ ልጆቿ ደግሞ መድኃኒቱን የምናውቅ መሰለን። «ተኚ እማ፣ አትነሺ፣ እኛ አለን» እያልን ቀኑን ሙሉ አስተኛናት። በሦስተኛው ኬሞ ቀኗ አልጋ ላይ፣ ሌሊቷ ጣሪያ ሲታይ የሚነጋ ሆነ። ከዚያ አንዲት ነርስ «ቀን ላይ ለስንት ሰዓት ያህል ትተኛለች?» ብላ ጠየቀችን። ቆጠርነው። ወደ አምስት ሰዓት ነበር። ሌሊት ለመተኛት ምን ቀራት?

ከዚያ በኋላ የተማርነውን ነው እዚህ የምጽፈው። ሐኪም አይደለሁም፤ አስታማሚ ነኝ። መድኃኒት የሚነካውን ነገር ሁሉ ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩበት።

አስቀድሞ አንድ ነገር እንግባባ። የካንሰር ድካም እህል ሲያጭድ የዋለ ሰው ድካም አይደለም። ያ ተኝተው ሲነሱ ይለቃል። ይኼኛው አሥር ሰዓት ተተኝቶም አብሮ ይነሳል። ከበሽታውም፣ ከሕክምናውም፣ ከደም ማነስም፣ ከሕመምም፣ ከጭንቀትም ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ከሁሉም አንድ ላይ። ስለዚህ አንድ መፍትሔ የለውም። ብዙ ትንንሽ መፍትሔዎች ግን አሉት።

1. መጀመሪያ ለአንድ ሳምንት ጻፉ

አንድ ደብተር ያዙ። ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ ለድካሙ ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስጡት። 0 ማለት ምንም ድካም የለም፣ 10 ማለት ከዚህ የባሰ ሊኖር አይችልም። ከጎኑ ምን እንደተሠራ፣ ምን እንደተበላ፣ ስንት ሰዓት እንደተተኛ አጠር አድርጋችሁ ጻፉ። ታካሚው መጻፍ ከከበደው ቁጥሩን ይንገራችሁ፣ እናንተ ጻፉ።

በሳምንት ውስጥ መልክ ይወጣል። ኬሞ ላይ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱን በወሰደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይዝላል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ይሻለዋል፣ ቀጣዩ ዙር ሲደርስ እንደገና ይወርዳል። የጨረር ሕክምና ደግሞ ሌላ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት «ምንም አልሆንኩም» ያለ ሰው በሦስተኛው በአራተኛው ሳምንት እየተጠራቀመበት ይመጣል። ጨረሩ ካለቀ በኋላም ለሳምንታት ይቆያል። ይህን ቀድሞ ያወቀ ሰው «በሽታው ብሶብኝ ነው» ብሎ አይደነግጥም። ሰርግም፣ ክርስትናም፣ የባንክ ጉዳይም የሚቀጠረው በደህናዎቹ ቀናት ነው።

2. ለሐኪሙ በቁጥርና በምሳሌ ንገሩ

እዚህ ላይ የእኛ ሰው ራሱን ይጎዳል። ሐኪሙ «እንዴት ነሽ?» ሲላት እናቴ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ትላለች። በሩን ዘግተን ስንወጣ «እግሬ አልሸከም ብሎኛል» ትለኛለች። ሐኪሙ ምን ይጻፍ?

«ደክሞኛል» ብቻም አይበቃም። ሁሉም ሰው ደክሞታል። እንዲህ በሉ፦ «ባለፈው ወር ሱቅ ደርሼ እመለስ ነበር፤ አሁን መጸዳጃ ቤት ደርሼ ስመለስ አልጋ ላይ እወድቃለሁ። ደብተሬ ላይ ከ10 ሰባት ነው።» 4 እና ከዚያ በላይ ከሆነ መነገር አለበት። 7 ከደረሰ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ደውሉ ወይም ሂዱ።

ከዚያ ሊታከም የሚችል ምክንያት እንዳለ ጠይቁ። የደም ማነስ አለ? አንገት አካባቢ ጨረር የወሰደ ሰው ከሆነ የእንቅርት ዕጢው ሥራ ተመርምሯል? ኢንፌክሽን፣ የውኃ ማነስ፣ የጨው መዛባት አለ? የምትወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ፣ ከፋርማሲ ራሳችሁ የገዛችሁትንም፣ የአበሻ መድኃኒቱንም ጭምር በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። አንዳንድ የማቅለሽለሽ፣ የአለርጂና የሕመም ማስታገሻ መድኃኒቶች ራሳቸው ያፈዝዛሉ።

አንዳንድ ነገር ግን እስኪነጋም አይጠበቅበትም። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ትኩሳቱ 38 ከደረሰ፣ ወይም ብርድ ብርድ ብሎት ከተንቀጠቀጠ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው። በተቀመጠበት ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ካለበት፣ ደረቱን ካመመው፣ ግራ ከተጋባ ወይም ደም ከፈሰሰው እንደዚያው። ቴርሞሜትር ቤት ውስጥ ይኑር። ውድ ዕቃ አይደለም።

3. ጉልበትን እንደ ደመወዝ በጀቱት

ደመወዝ በገባ ቀን ሁሉን ያጠፋ ሰው ወሩን እንዴት እንደሚጨርሰው ታውቃላችሁ። የታመመ ሰው ጉልበትም እንዲሁ ነው። ትልቁ ወጥመድ ደህናው ቀን ነው። እናቴ አንድ ቅዳሜ ቀለል አላት። መጋረጃ አወረደች፣ አጠበች፣ ሽሮ ነፋች። እሁድ፣ ሰኞና ማክሰኞ አልተነሳችም። ስለዚህ ደህና ቀን ላይ ካሰባችሁት ግማሹን ብቻ ሥሩ። መጥፎ ቀን ላይ ደግሞ ጨርሶ ዜሮ አትሁኑ።

ጠዋት ላይ ሦስት ነገር ብቻ ምረጡ። አንዱ የግድ የሆነ፣ ለምሳሌ ገላ መታጠብ። አንዱ የሚጠቅም፣ ለምሳሌ የእግር መንገድ። ሦስተኛው ደስ የሚል ይሁን፤ የልጅ ልጅ ማጫወትም ቢሆን፣ ደጀ ሰላም ደርሶ መመለስም ቢሆን። ሦስተኛውን አትሰርዙት። ሰው ያለችውን ጉልበት በሙሉ ለሽንት ቤትና ለሐኪም ቤት ብቻ ካዋላት ምን ቀረው?

ሥራን ተቀምጦ መሥራት ልመዱ። ሽንኩርት በዱካ ተቀምጦ ይከተፋል። ገላ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጦ ይታጠባል። ፀጉርና ገላ በአንድ ቀን መታጠብ የለባቸውም። ውኃ፣ ስልክ፣ መድኃኒት፣ ነጠላ እጅ የሚደርስበት ይቀመጡ። እንጀራ ለጊዜው ይገዛ፤ እናት ብትቆጣም ይገዛ። እረፍትም ከመድከም በፊት ነው። ከዛሉ በኋላ የሚወሰድ እረፍት ዕዳ እንደመክፈል ነው።

አሁን ወደ ጠያቂዎች ልምጣ፤ ይህ የእኛው ጉድ ነው። በሽተኛ መጠየቅ ትልቅ ደግነት ነው፣ ማንም እንዲቀር አልፈልግም። ግን አልጋው ዙሪያ ስምንት ሰው ተቀምጦ፣ በሽተኛዋ ለአክብሮት ቀና ብላ፣ ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለአሥራ አንደኛ ጊዜ ስትናገር ድካሙን አስቡት። በዚያ ላይ «የእንትና እህትም በዚሁ ነው…» የሚል አይጠፋም። እኛ ያደረግነው ይህ ነው። የጥየቃ ሰዓት ከ9 እስከ 10 ሰዓት ተባለ። አክስቴ በሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ ታሪኩን እሷ ትናገራለች። ሃያ ደቂቃ ሲሞላ «በሉ ትረፍ» የምትለውም እሷ ናት። ትልቅ ሰው ስለሆነች ማንም አይቀየማትም። ከልጆቹ አፍ ቢወጣ ኖሮ የሰፈር ወሬ እንሆን ነበር።

«ምን ይዤ ልምጣ?» ለሚል ሰው ሥራ ስጡት። ቤታችን አትክልት ተራ እስኪመስል ብርቱካንና ሙዝ ተከምሮ ነበር። የሚያስፈልገን ግን ልብስ የሚያጥብ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት የሚያመጣ፣ ሐኪም ቤት ወረፋ የሚይዝ ሰው ነበር። ብትነግሩት ደስ ብሎት ያደርገዋል።

የሐኪም ቤት ቀን ለብቻው ይቆጠር። ሌሊት 11 ሰዓት የወጣ ሰው ከሰዓት ቢመለስ የዚያ ቀን በጀት አልቋል። ሌላ ነገር አትጨምሩበት። ወረፋውን ጤነኛው ቆሞ ይያዝ፣ ታካሚው ይቀመጥ። ምሳ፣ ውኃና ጋቢ ይያዝ። ከክልል ለምትመጡ ደግሞ መንገዱ ራሱ አንድ በሽታ ነው። ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና በአገሪቱ የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ አሁን እንደ ጅማ ያሉ ማዕከላት ተጨምረዋል። ስለዚህ ሪፈር ሲጻፍላችሁ ከቤታችሁ የሚቀርብ እንዳለ ጠይቁ። አዲስ አበባ ለምትቆዩ፣ ማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲ ከክልል ለሚመጡ ታካሚዎች ማረፊያ ስላለው ቦታ እንዳለ መጠየቅ ይቻላል።

4. ተነሱና ተራመዱ፣ በጥቂቱ

ይህን ስሰማ ተናድጄ ነበር። መቆም ያቃታትን ሴት ተራመጂ? ግን በካንሰር ድካም ላይ ከተሞከሩት ነገሮች ሁሉ ጥሩ ማስረጃ ካላቸው አንዱ እንቅስቃሴ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። አልጋ ላይ የዋለ ጡንቻ ይቀልጣል። የቀለጠ ጡንቻ ትንሽ ሥራ ሲሠራ ይበልጥ ይደክማል። ሲደክመው መልሶ ይተኛል። አዙሪት ነው።

በ5 ደቂቃ ጀምሩ። ግቢ ውስጥ፣ ኮሪደር ላይ፣ የትም። ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት አንድ ጊዜ። ሁለት ሦስት ቀን ከለመዳችሁት አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ጨምሩ። እየተራመዱ ማውራት መቻል አለባችሁ፤ ንግግሩ ከተቆራረጠ ፍጥነቱን ቀንሱ። በማግስቱ ድካሙ ከወትሮው ከባሰ አብዝታችኋል ማለት ነው፣ ወደ ቀድሞው ተመለሱ። በኬሞው ሳምንት መቀነስ ያለ ነው። ብዙ ሳምንታት ካለፉ በኋላ 30 ደቂቃ፣ በሳምንት ከሦስት እስከ አምስት ቀን ከደረሳችሁ በጣም ጥሩ። ካልደረሳችሁም የምትራመዷት አሥር ደቂቃ ከንቱ አይደለችም።

መራመድ ያልቻለ ሰው ከወንበር አምስት ጊዜ ይነሳና ይቀመጥ፣ ጠረጴዛ ተደግፎ። ግማሽ ሊትር ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞ ክንዱን ያንሳ።

ካንሰሩ ወደ አጥንት የተሠራጨበት፣ ፕሌትሌቱ (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) የወረደበት፣ ከባድ የደም ማነስ ወይም የልብ ችግር ያለበት ሰው ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ትኩሳት ወይም ማዞር ባለበት ቀን አይሞከርም።

5. ምግብ፦ ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ፣ የበሰለ

ሦስት ጊዜ ትሪ ሙሉ ከማቅረብ በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ይሻላል። አጥሚት፣ በሶ፣ ገንፎ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ እንቁላል፣ የፈላ ወተት፤ ያለው ሁሉ ይጠቅማል። ማብሰያ ጉልበት በሌለበት ቀን የሚሆን ነገር ቀድሞ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ። ውኃ አይረሳ። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ ከምግቡ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ስለሚያደርጉ አንድ ሰዓት ያህል አራርቋቸው።

«ደም ይሁናት» ተብሎ ጥሬ ሥጋና ለብ ለብ ክትፎ የሚመጣበት ቤት ብዙ ነው። ኬሞ ነጭ የደም ሴልን ያወርዳል፤ ያን ጊዜ ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ሌላውን ባያሳምሙ እንኳ ታካሚውን ክፉኛ ሊያሳምሙት ይችላሉ። ክትፎው ይብሰል። የብረት እንክብልም ሳይመረመሩ አይገዛ፤ የደም ማነስ ሁሉ ከብረት እጥረት አይመጣም።

ጾምን በተመለከተ የንስሐ አባታችሁን አነጋግሩ። ሕመምተኛ ይፈቀድለታል። ረመዳንም ለታመመ ሰው መፍቀጃ አለው። ጸበል የምትጠመቁ ብትሆኑ ለሐኪሙ ንገሩ፤ በብርድ ሌሊት ተነስቶ፣ ሳይበሉ፣ መድኃኒት ሳይወስዱ መዋል ለዚህ ሰውነት ከባድ ነው።

6. ሌሊቱን የምናስተካክለው ከጠዋት ጀምሮ ነው

መጀመሪያ የመነሻ ሰዓት ቁረጡ። 1 ሰዓት ካላችሁ፣ ሌሊቱ እንዴትም ይለፍ 1 ሰዓት ተነሱ። መስኮት ክፈቱ፣ ወደ ውጭ ወጥታችሁ ጠዋት ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። ሰውነት ሰዓቱን የሚያስተካክለው በብርሃን ነው። የእኛ አገር ፀሐይ ደግሞ በነጻ ነው።

የቀን እንቅልፍ አንድ ጊዜ፣ ከ9 ሰዓት በፊት፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ። የስልክ ማንቂያ ሙሉ። ኬሞ በተወሰደባቸው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ትንሽ ላላ ቢል አትጨነቁ፤ ከዚያ ግን ይመለስ።

ቡና። ከባዱ ምዕራፍ። ካፌይን ከተጠጣ ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላም ግማሹ ሰውነት ውስጥ ነው። ጎረቤት ከሰዓት በ10 ሰዓት ተሰብስቦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ የጠጣ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ዓይኑ ቢፈጥ ምን ይገርማል? እናቴን ቡና ማስተው አልሞከርንም፤ ለዚያ ጉልበት አይበቃንም። ቡናዋን ጠዋት አደረግነው። በ10 ሰዓቱ ቡና ላይም ትቀመጣለች፣ ጨዋታው አይቀርባትም፤ ሲኒዋ ውስጥ ግን ጦስኝ የፈላበት ውኃ ነው።

ድካም ሌላ፣ እንቅልፍ ሌላ። ይህን መለየት ብዙ ያስተካክላል። ማታ 1 ሰዓት ላይ «ዛልኩ» ብሎ የተኛ ሰው ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ይነቃል፤ ከዚያ ወዲያ የለም። ማታ ሲዝሉ ወንበር ላይ እረፉ። አልጋ የሚገባው ዓይን ሲከብድ፣ ሲያዛጋ ነው፤ ለምሳሌ 4 ሰዓት ገደማ።

አልጋ ለእንቅልፍ ብቻ ይሁን የሚለው ምክር አንድ ክፍል ቤት ላለው ሰው ቀልድ ይመስላል፤ አልጋው ሶፋም፣ ጠረጴዛም ነው። ቢሆንም ብልሃት አለው። ቀን አልጋው ይነጠፍና አልጋ ልብሱ ይልበስ፣ ታካሚው በወንበር ወይም በአልጋው ግርጌ ይቀመጥ። ሌሊት ብቻ ይገለጥ።

ተኝታችሁ 20 ደቂቃ ያህል ካለፈና እንቅልፍ ካልመጣ ተነሱ። ሰዓት አትዩ፣ በግምት ነው። ስልክም አትክፈቱ። ጋቢ ለብሳችሁ ደብዘዝ ባለ ብርሃን ተቀመጡ፤ ዳዊት የሚደግም ይድገም፣ ቁርአን የሚቀራ ይቅራ፣ ዝም ማለትም ይቻላል። በአራት ቆጥራችሁ አየር ሳቡ፣ በስድስት አውጡ። ዓይን ሲከብድ ተመለሱ። በመጀመሪያው ሳምንት የባሰ ሊመስል ይችላል፤ ውጤቱ በሳምንታት ነው የሚታየው። መራመድ የሚያንገዳግደው ሰው ግን ሌሊት ብቻውን አይነሳ። እዚያው ደገፍ ብሎ ይቀመጥ።

ሐሳብም የሌሊት ጠላት ነው። የመድኃኒት ብር፣ የልጆች ነገር፣ የሚቀጥለው ሲቲ ስካን። ማታ 12 ሰዓት አካባቢ ሩብ ሰዓት ለሐሳብ ስጡት። ደብተር ላይ ጻፉት፣ ከጎኑ ነገ የሚደረገውን አንድ እርምጃ ጻፉ፣ ደብተሩን ዝጉት። ሌሊት ሲመጣ «ተጽፏል» በሉት።

ከመድኃኒቱ የሚመጣ የእንቅልፍ ማጣትም አለ። ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን የሚባሉት የስቴሮይድ መድኃኒቶች ማታ ሲወሰዱ ዓይን ያፈጥጣሉ። ወደ ጠዋት ይዛወር እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ፤ በራሳችሁ ግን አትለውጡ፣ በድንገትም አታቁሙ። ሕመም ከሆነ የሚቀሰቅሳችሁ፣ ማስታገሻውን በሰዓቱ ውሰዱ። «ሞርፊን ሱስ ያስይዛል» ብለው ሌሊቱን ጥርስ ነክሰው የሚያነጉ ብዙ ናቸው። በሐኪም ትእዛዝ ለካንሰር ሕመም ሲወሰድ ያ ፍርሃት ከሕመሙ መብለጥ የለበትም። ታሞክሲፈንና መሰል የሆርሞን ሕክምና ላብ ያላብሳል፦ ስስ የጥጥ ልብስ፣ ተደራርቦ የሚገፈፍ ብርድ ልብስ፣ በርበሬ ያልበዛበት እራት። ሽንት ለሚቀሰቅሰው ደግሞ ውኃው በብዛት ቀን ይጠጣ፣ ማታ ይቀነስ።

የጎረቤት የእንቅልፍ ኪኒን አትዋሱ። በተለይ ከሞርፊን ጋር ሲገናኝ ትንፋሽን ሊያደክም ይችላል። አረቄም ያስተኛ ይመስላል፣ እኩለ ሌሊት ላይ ግን ራሱ ይቀሰቅሳል።

7. ሲጨልምበት

ለሁለት ሳምንት ያህል ምንም ነገር ደስ የማይለው፣ ተስፋ የቆረጠ፣ ከሰው የሚሸሽ ከሆነ ድካሙ ድባቴም ሊሆን ይችላል። ይታከማል። «ብሞት ይሻላል» የሚል ቃል ከሰማችሁ እንደ ምሬት አትለፉት፣ ብቻውን አትተዉት፣ ያኑ ዕለት ለሐኪም ንገሩ።

አስታማሚም ይተኛ። እኔና እህቴ ሌሊቱን በተራ ያዝነው፣ አንዷ ነቅታ ስታድር አንዷ በሌላው ክፍል ትተኛለች። ከዚያ በፊት ሁለታችንም ነቅተን እናድር ነበር፣ ሁለታችንም ቀን እንነጫነጭ ነበር። ለማን ጠቀመ?

8. ሕክምናው ሲያልቅ

ኬሞው ባለቀ ማግስት ቤተሰብ ሁሉ «እንኳን ደስ ያለሽ» ብሎ የቀድሞዋን ሴት ይጠብቃል። ድካሙ ግን ለወራት ሊቆይ ይችላል፣ አንዳንዱ ላይ ከዓመት ያልፋል። በጀቱ፣ መንገዱና የመነሻ ሰዓቱ ስለዚህ ይቀጥሉ። ሥራ የምትመለሱ በግማሽ ቀን ወይም በሳምንት ሦስት ቀን መጀመር እንደሚቻል አለቃችሁን አነጋግሩ፤ የሐኪም ወረቀት ያግዛል። ደብተሩንም አትጣሉት። ለሳምንታት 2 እና 3 ሲጻፍ ቆይቶ ያለ ምክንያት ወደ 6 ከወጣ ቀጣዩን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ።